ደብዳቤው የት ደረሰ?
(ስለ መንግሥት ሰዎች ወረቀት የሚናገር ትምህርት)

በፋሲል ግቢ ገብተን ስንዘዋወር፥ ከዋናው ግንብ ሳንርቅ ጻድቁ ዮሐንስ ያሠሩት ቤተ መጻሕፍትና የጸሐፍት ቤት የሚባሉትን ሕንፃዎች እናገኛለን። ብዙዎቻችን ፎቶግራፍ ተነሥተን እናልፋቸዋለን እንጂ፥ «ንጉሥ ለምን የጸሐፍት ቤት አስፈለገው?» ብለን አንጠይቅም። መልሱ ግን ቀላል ነው። መንግሥት ማለት በጦርና በጋሻ ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም። ለማን ምን እንደ ተሰጠ፥ ከየትኛው አገር ምን ያህል ግብር እንደ ገባ፥ ለባዕድ ንጉሥ ምን ተጽፎ ምን መልስ እንደ መጣ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ቤቶቹ እንግዴህ ቆመዋል፤ መጻሕፍቱ ግን ዛሬ እዚያ የሉም። የት ሄዱ? ይህን ለመመለስ መጀመሪያ መዝገብ ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

መጽሐፍና መዝገብ አንድ አይደሉም። መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ብዙ ሰው እንደሚያነበው ዐውቆ ይጽፋል፤ ስለዚህም ራሱን ያሳምራል። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ግን የሚያስበው ስለ አንድ ተቀባይ ብቻ ነው። የሚፈልገውን ይለምናል፥ ይቆጣል፥ ይጠራጠራል። ከመቶ ዓመት በኋላ እኛ እናነበዋለን ብሎ አላሰበም። የታሪክ ተማሪ ደብዳቤን ከታሪክ መጽሐፍ አብልጦ የሚፈልገው ስለዚህ ነው።

በአሜሪካ አገር ቀድሞ አንድ ፕሬዚዳንት ሥራውን ሲለቅ ወረቀቱን ሁሉ እንደ ግል ንብረቱ ጭኖ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ከሞቱም በኋላ ወራሾች የወደዱትን አስቀምጠው ያልወደዱትን አቃጥለዋል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ግን ወረቀታቸውን ለሕዝቡ ሰጥተው፥ በተወለዱበት በሃይድ ፓርክ ቤት አሠርተውለት እ.ኤ.አ. በ1941 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የፕሬዚዳንት የሥራ ወረቀት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን በሕግ ተወሰነ። በእኛም አገር ወመዘክር የተባለው ቤት በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቁሟል።

ከዚያ በፊት የአባቶቻችን መዝገብ ቤት ቤተ ክርስቲያን ነበር። ንጉሥ ጉልት ሲሰጥ፥ ሰው ርስት ሲሸጥ ወይም ሲናዘዝ፥ ነገሩ ከነምስክሮቹ ስም በወንጌሉ ባዶ ገጽ ወይም በኅዳጉ ላይ ይጻፋል። በወንጌል ላይ የተጻፈውን ማን ደፍሮ ይፍቃል? ዶናልድ ክራሚ የሚባሉት የታሪክ መምህር እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ መሬትና ስለ ማኅበራዊ ኑሮ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የጎንደርን ዘመን ታሪክ የገለጡት በእነዚህ የኅዳግ ጽሑፎች ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው እንምጣ። ቋራ የተወለዱት ካሣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። እኒህ ንጉሥ ደብዳቤ ማስጻፍ ይወዱ ነበር፤ ያውም የሚያስጽፉት በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ፥ እንደሚናገሩት አድርገው ነው። ቃላቸው አጭር፥ አንዳንድ ጊዜም ሻካራ ነው። ለእኔ ከዘመኑ ዜና መዋዕል ይልቅ ደብዳቤዎቹ ሰውየውን ያሳዩኛል።

ከሁሉ የሚታወቀው ጥቅምት 20 ቀን 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ነው። እንደ ደንቡ በሥላሴ ስም ይጀምራል። ከዚያ እግዚአብሔር ከአፈር አንሥቶ እንዳነገሣቸው፥ ቱርኮች ግን የአባቶቻቸውን አገር አንለቅም እንዳሉ ይነግራሉ። ቀጥለው ስለ ሁለት እንግሊዞች ያወሳሉ። አንደኛው ቆንሲሉ ፕላውደን ነው፤ በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቆስሎ፥ የጎንደር ነጋዴዎች ዋጋ ከፍለው ቢያስለቅቁት እዚሁ ከተማ ውስጥ ሞተ። ሁለተኛው ጆን ቤል ነው። ንጉሡ ደማቸውን መበቀላቸውን ይጠቅሳሉ። በመጨረሻ የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ መልእክተኞቼን ልልክ እወዳለሁ፥ ባሕሩን ግን ቱርኮች ይዘውታልና እንዴት ይለፉ? መልሱንም በቆንሲል ካሜሮን እጅ ስደዱልኝ የሚል ነው።

ደብዳቤው በየካቲት 1855 ዓ.ም. ሎንዶን ደረሰ። ያን ጊዜ የመርከብ መንገድ ረጅም ስለ ነበር አራት ወር መፍጀቱ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሰዎች ተቀብለው ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀመጡት፤ መልስ አልተጻፈም። ካሜሮን ወደ ንጉሡ ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር። ቴዎድሮስ ጠበቁ፤ ንቀት መሆኑንም ዐወቁ። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት። እንግሊዞች መልሱን ያን ጊዜ አሰቡት፤ የንግሥቲቱን ደብዳቤ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ከንጉሡ ፊት የደረሰው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከተላከበት ቀን ጀምሮ ቢቆጠር ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይሆናል።

ንጉሡ መልእክተኛ ማሰራቸው ትክክል ነበር አልልም። ነገር ግን ለጦርነት ምክንያት የሆነው ነገር በአንድ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ወረቀት መሆኑን ያወቅነው፥ ወረቀቱ ራሱ ስላልጠፋ ነው። ያልመለሱለት ሰዎች ቢያንስ አልጣሉትም። የእኔ አያት በደባርቅ ገጠር ስለ ርስት ብዙ ዘመን የተከራከሩበትን ወረቀት በአንድ ሣጥን አስቀምጠው ነበር። ከሞቱ በኋላ ግማሹን አይጥ በላው፥ የቀረውን እኛ ልጆች እሳት አቀጣጠልንበት። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ክርክር የቀረኝ አያቴ «ረታሁ» ይሉ እንደ ነበር ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ጎንደር መጻሕፍቷን ያጣችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ይህንንም ሳናዳላ መናገር ይገባናል። መጀመሪያ የወሰዱባት ራሳቸው ቴዎድሮስ ናቸው። በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥሉ፥ መጻሕፍቱን ሰብስበው በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም አደረጉ። ሁለተኛው የእንግሊዝ ጦር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ውጊያ ሆነ። ንጉሡ በማግስቱ ለጄኔራል ናፒየር አንድ ደብዳቤ አስጻፉ፤ ሕዝቤ ሥርዓት አልቀበልም አለኝ የሚል ሐዘን አለበት። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በፋሲካ ማግስት፥ መቅደላ ሲያዝ ራሳቸውን ገደሉ። ወታደሮቹ ያገኙትን ሁሉ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወስደው በሐራጅ ሸጡት። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ በቦታው ነበርና ብዙ ገዛ። 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ሎንዶን ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

በእነዚህ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የንጉሡ ጸሐፊዎች የግብርና የዕቃ ቤት ሒሳብ ጽፈው ኖሯል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ግርማ ሥላሴ አስፋው ይህን ለቅመው አሳትመውታል። ግርማ ሥላሴ ከዴቪድ አፕልያርድ ጋር ሆነው ለቪክቶሪያና ለራሳም የተጻፉትን የአማርኛ ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. በ1979 አወጡ። ስቨን ሩበንሰንም እ.ኤ.አ. በ1994 የቴዎድሮስንና የዘመናቸውን ሰዎች ደብዳቤ በአንድ ትልቅ ጥራዝ አሳትመዋል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያገኝ ተማሪ ትርጉሙን ከማየቱ በፊት አማርኛውን ያንብብ። ማን ለማን ጻፈ፥ መቼ፥ ማኅተም አለበት ወይ፥ ወረቀቱስ በማን እጅ ዞሮ እዚህ ደረሰ ብሎ ይጠይቅ። እንግሊዝኛው የሚያለሰልሰው ብዙ ቃል አለ።

ከመቅደላ መጻሕፍት አንዱ ክብረ ነገሥት ነበር። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1872 ለእንግሊዝ መንግሥት ጽፈው፥ በዚህ መጽሐፍ የአገሩ ሕግ፥ የሹማምንቱና የአብያተ ክርስቲያናቱ ስም ስላለበት ያለ እርሱ ሕዝቤ አይታዘዘኝም ብለው ለመኑ። ለዚህኛው ደብዳቤ መልስ መጣ። ሙዚየሙ ከመቅደላ የመጣ ሁለት ክብረ ነገሥት ነበረውና አንዱን መለሰላቸው፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ሎንዶን ነው።