ከውድማ እስከ መስከረም የሚያደርስ ጓዳ፦ የእህል አያያዝ፣ የወቅት ምግብና በእጅ የሚሠሩ የቤት ሥራዎች

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ

የትምህርቱ ዓላማ

ከዚህ ትምህርት በኋላ፦
• የቤተሰባችሁን የዓመት ቀለብ አስልታችሁ የሚሸጠውንና የሚቀመጠውን ትለያላችሁ፤
• እህል ከነቀዝ፣ ከሻጋታና ከአይጥ የሚጠበቅበትን መንገድ በተግባር ታሳያላችሁ፤
• በበጋ ተዘጋጅቶ በክረምት የሚበላ ምግብ ታሰናዳላችሁ፤
• ማገዶ፣ ውኃና ጊዜ የሚቆጥቡ ቀላል ሥራዎችን በእጃችሁ ሠርታችሁ ለልማት ቡድናችሁ አባላት ታስተምራላችሁ።

ይህን ትምህርት ባልና ሚስት አብረው እንዲከታተሉት ይመከራል። ጎተራው የአባወራ፣ ጓዳው የእማወራ ብቻ ተደርጎ በሚታይበት ቤት ሂሳቡ አይገጥምም።

1. ስለ ሐምሌ በጥር መነጋገር ለምን ያስፈልጋል?

ብዙዎቻችሁ በመስመር መዝራትን፣ ምርጥ ዘርንና የአፈር ማዳበሪያን በአግባቡ መጠቀምን ለምዳችሁ ምርታችሁን አሳድጋችኋል። ሆኖም ጥሩ ምርት ያገኘ ቤት ሁሉ ክረምቱን ጠግቦ ያልፋል ማለት አይደለም። በየቀበሌው በምናደርገው ክትትል ጥር ላይ ጎተራው ሞልቶ የነበረ ቤተሰብ ሐምሌ ላይ እህል ሲሸምት ወይም ሲበደር እናያለን። እህሉ የሄደው በአንድ ቀን አይደለም። ጥቂቱ በርካሽ ተሽጧል፣ ጥቂቱን ነቀዝ በልቶታል፣ ጥቂቱ በድግስ አልቋል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዋጋው ለስሌት ብቻ የተወሰደ ነው። አንድ አርሶ አደር ጥር ላይ ሁለት ኩንታል በቆሎ በኩንታል 4000 ብር ቢሸጥ 8000 ብር ያገኛል። ሐምሌ ላይ የኩንታሉ ዋጋ 5000 ብር ቢደርስ በዚያው 8000 ብር የሚገዛው 160 ኪሎ ብቻ ነው። ነቀዝም አይጥም ሳይነካው 40 ኪሎ አጣ ማለት ነው። ገንዘቡ በመካከል ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህም ይብሳል።

የክረምት እጥረት የሚያስከትለው አደጋ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ሌላ እህል አልቆ ጓያ ብቻ በሚቀርበት ጊዜ፣ ጓያን ዋና ምግብ አድርጎ ለሁለትና ለሦስት ወር በተከታታይ መመገብ የማይድን የእግር ሽባነት ያመጣል። ጓያ በእጃችሁ ካለ ከጤፍ፣ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅላችሁ በጥቂቱ ተጠቀሙበት። ዘፍዝፋችሁ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። አስተማማኙ መከላከያ ሰኔ ላይ ሌላ እህል በጎተራ መኖሩ ነው። ይህም የሚወሰነው ጥር ላይ ነው።

2. የቤቱን የዓመት ቀለብ ማስላት

ግምት ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ስለዚህ ስፈሩ። ለአንድ ሳምንት ወደ ወፍጮ የሚሄደውን፣ ለንፍሮና ለቆሎ የሚወጣውን ሁሉ መዝኑ ወይም በአንድ ዓይነት ቁና ስፈሩ። ለምሳሌ ስድስት ሰዎች ያሉበት ቤት በሳምንት 18 ኪሎ እህል ቢጠቀም፦

18 ኪሎ × 52 ሳምንት = 936 ኪሎ፤ ወይም ዘጠኝ ኩንታል ተኩል ገደማ።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ጨምሩ፦
ሀ) ለሚቀጥለው ዓመት ዘር፤
ለ) ለማኅበር፣ ለክርስትና፣ ለእንግዳና ለደቦ የሚውል፤
ሐ) ዝናብ ቢዘገይ ቢያንስ ለአንድ ወር የሚሆን መጠባበቂያ።

ከዚህ ድምር በላይ ያለው ለገበያ ነው። በዚህ ቤት ሂሳብ ቀደም ሲል ያየነው 40 ኪሎ የሁለት ሳምንት ቀለብ መሆኑን ልብ በሉ። ለማዳበሪያ ዕዳ ወይም ለትምህርት ቤት ወጪ የግድ መሸጥ ካለባችሁ ሁሉንም በአንድ ገበያ አታውጡ፤ ለሚያስፈልገው ወጪ ብቻ የሚበቃውን ሽጡ። የድግሱንም መጠን ከጎተራው አንጻር ባልና ሚስት ተመካክረው አስቀድመው ይወስኑ።

3. እህልን ማድረቅና ማስቀመጥ

3.1 ድርቀቱን መፈተሽ

እርጥበት ያለው እህል ይሻግታል፣ ይሞቃል፣ ነቀዝም ይመቸዋል። በቆሎ ለማስቀመጥ እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መሣሪያ በሌለበት በጨው መፈተሽ ይቻላል፦
• ጨውን በምጣድ አሙቃችሁ አድርቁትና አቀዝቅዙት።
• ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶ ያህሉን በእህል ሙሉ፤ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ክደኑት።
• ለአንድ ደቂቃ በደንብ ናጡት፤ ከዚያ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት።
• ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እህሉ ገና አልደረቀም።
• ጨው ካልተጣበቀም ወዲያው አታስገቡ። ተጨማሪ ፀሐይ አስመቱት፤ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የሚል መሆኑንም አረጋግጡ።

ስታደርቁ እህሉን በባዶ መሬት ላይ አታስጡ። ሸራ ወይም ምንጣፍ ተጠቀሙ። በበቆሎ፣ በለውዝና በበርበሬ ላይ የሚበቅል ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። የሻገተውን ለላም ብትሰጡትም በወተቱ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይመለሳል።

3.2 ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት (ፒክስ)

ይህ ከረጢት ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ማዳበሪያ አለው። አፉ በደንብ ሲታሰር አየር አይገባም። ውስጥ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ጨርሶ ይሞታል። ኬሚካል አያስፈልግም። አጠቃቀሙ፦
• ላስቲኮቹን በአየር ነፍታችሁ ቀዳዳ እንደሌላቸው አረጋግጡ።
• እህሉን አበጥራችሁ፣ አንጓላችሁ፣ በደንብ ያደረቃችሁትን ብቻ ጨምሩ።
• እየጠቀጠቃችሁ ሙሉ፤ ትርፍ አየር አስወጥታችሁ ሦስቱንም ለየብቻ አጥብቃችሁ እሰሩ።
• በመጀመሪያው ወር አትክፈቱ። ለዕለት ፍጆታ የሚሆነውን በሌላ ዕቃ ለዩ።
• በርብራብ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ከረጢቱ ካልተቀደደ በሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል። የጤፍ ፍሬ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አይጎዳውም፤ ስለዚህ ከረጢቱን ለበቆሎ፣ ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለቦሎቄ ቅድሚያ ስጡት።

3.3 ጎተራና አይጥ

ጎተራው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በየእግሩ ላይ ከአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራ፣ አፉ ወደ ታች የተደፋ ቀፎ መሰል መከላከያ አድርጉ። አይጥ ተንጠላጥላ ማለፍ እንዳትችል ከዛፍና ከግድግዳ አርቁት። አዲስ እህል ከማስገባታችሁ በፊት አሮጌውን ጠርጋችሁ አውጡ፤ ስንጥቁን ምረጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎስቶክሲን በመባል የሚታወቀው እንክብል የሚያመነጨው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ባለ ጎተራ ወይም ከረጢት ፈጽሞ አትጨምሩ። የፀረ ተባይ መያዣ የነበረ ዕቃንም ለእህል፣ ለውኃ ወይም ለዘይት አትጠቀሙ።

4. በበጋ ተዘጋጅቶ በክረምት የሚበላ

ከጥር እስከ ግንቦት ፀሐይ በነጻ ይሠራልናል። በክረምት ደግሞ ሁሉም በአረምና በዘር ሥራ ስለሚጠመድ ምግብ ለማዘጋጀት ጊዜም ደረቅ እንጨትም ያንሳል።

ደረቅ ጎመን፦ ጎመኑን አጥባችሁ ክተፉ። በፈላ ውኃ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነክራችሁ አውጡት። በወንፊት ወይም በንጹሕ ሰፌድ ላይ ሳስቶ ይሰጣ፤ በስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር አድርቁት። ፀሐይ በቀጥታ ከመታው በቫይታሚን ኤ ይከሳል። በእጅ ሲታሽ የሚደቅ ከሆነ ደርቋል፤ በክዳን ባለው ዕቃ ብርሃን በማያገኘው ቦታ አስቀምጡት። በክረምት ከሽሮ ወይም ከክክ ወጥ ጋር ይገባል።

ቲማቲም፦ ዋጋው ሲወድቅ በስሱ ቆርጣችሁ፣ ጨው ነስንሳችሁ በፀሐይ አድርቁት።

ሽሮና በርበሬ፦ ጥራጥሬውን በፍሬው አቆዩት። ዱቄት ከፍሬ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚበቃችሁን ብቻ አስፈጩ። በሶ፣ ቆሎና በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ደግሞ እሳት ሳይነድ ማሳ ድረስ የሚሄዱ ምግቦች ናቸው።

የሕፃናት ገንፎ ዱቄት፦ ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በተጨማሪ የሚሰጥ ነው። ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ ወይም ስንዴ) ከአንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም አተር) ጋር ቆልታችሁ አስፈጩ። ገንፎው ላይ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት፣ የደቀቀ ደረቅ ጎመንም ጨምሩ። ሕፃናት ጾም የለባቸውምና በፍልሰታም ሆነ በሁዳዴ እንቁላልና ወተት አትከልክሏቸው። የዶሮዋን እንቁላል ሁሉ ወደ ገበያ ከመላክ በፊት የልጆቹ ድርሻ ይለይ።

5. ማገዶና ጊዜ የሚቆጥቡ ሥራዎች

5.1 ምርጥ ምድጃ

እንጀራ መጋገር ከቤት ሥራ ሁሉ ብዙ ማገዶ ይወስዳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን በምጣዱ ሥር ስለሚይዘው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ጭሱም ይቀንሳል፤ ልጆችም ወደ እሳት የመውደቅ አደጋቸው ይቀላል። ዝናብ በማያገኘው ቦታ ትከሉት። እንጨቱንም በበጋ ፈልጣችሁ ከጣሪያ ሥር ከምሩ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የሚጨርሰው የራሱን ውኃ ለማድረቅ ነው።

5.2 የገለባ ቅርጫት

ደጋ ላይ ጥራጥሬ ለምን ቶሎ አይበስልም? ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነው። እሳቱን ብታበዙትም ሙቀቱ ከዚያ አይጨምርም፤ እንጨቱ ብቻ ይነዳል። ስለዚህ ጥራጥሬን ከማታ ጀምሮ ዘፍዝፉ፣ ድስቱን ክደኑ፣ ከዚያም ሙቀቱን ያዙት።

አሠራሩ፦ ድስቱን የሚያስገባ ትልቅ ቅርጫት ወይም ሣጥን ውሰዱ። ከሥሩና ከዙሪያው ቢያንስ አንድ ጋት ውፍረት ያለው ደረቅ የጤፍ ገለባ ጠቅጥቁ። ለክዳን የሚሆን በጨርቅ ከረጢት ገለባ ሙሉ።

አጠቃቀሙ፦ ምስር ወይም ክክ ለ10 ደቂቃ፣ የተዘፈዘፈ ሽምብራ ለ30 ደቂቃ በደንብ ይንተክተክ። ሳይከፈት ወደ ቅርጫቱ ይግባና ይከደን። ምስር ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ሽምብራ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቆይ። ከመቅረቡ በፊት እንደገና ይፍላ። ቦሎቄ በደንብ ሳይፈላ ከተበላ ሆድ ይመርዛል፤ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍታችሁ፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 30 ደቂቃ በኃይል ሳይፈላ ቅርጫት ውስጥ አይግባ። ሥጋና ወተት በዚህ መንገድ አይበስሉም፤ ምግብም በቅርጫት አይደር።

ጥቅሙ ከእንጨቱ በላይ ነው። ድስቱ በቅርጫት ሳለ እማወራዋ ከእሳት ዳር ነጻ ናት።

6. በእጥበት ውኃ የሚለማ የከረጢት ጓሮ

ሰፊ ቦታና መስኖ ለሌለው ቤት፦
• ንጹሕ የ100 ኪሎ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ሦስት እጅ አፈርና አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት አዘጋጁ።
• በከረጢቱ መካከል ሥሩ የተቆረጠ ጣሳ አቁማችሁ ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን በአፈሩ ሙሉ። ጣሳውን ወደ ላይ እየሳባችሁ እስከ አፉ ድረስ ቀጥሉ። ጠጠሩ ውኃን እስከ ታች ያደርሳል።
• ጎኑን በየአንድ ስንዝር በስታችሁ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ ትከሉ፤ አናቱ ላይ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም።
• ጠዋትና ማታ አትክልትና ዕቃ የታጠበበትን ውኃ በጠጠሩ ላይ አፍስሱ። በረኪና ያለበትን ውኃ ግን አታጠጡ።

የጎመኑን የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠባችሁ ከተጠቀማችሁ ተክሉ ለብዙ ወራት ይሰጣል።

7. የወራት ሰሌዳና የሥራ ክፍፍል

ኅዳርና ታኅሣሥ፦ አጨዳ፤ ጎተራ መጠገን፤ ከረጢት መግዛት።
ጥር፦ ውቂያ፣ ማድረቅ፣ መስፈር፤ ባልና ሚስት ቀለቡን አስልተው መለየት።
የካቲትና መጋቢት፦ ምድጃና የገለባ ቅርጫት መሥራት፤ የከረጢት ጓሮ መትከል።
ሚያዝያና ግንቦት፦ ጎመን ማድረቅ፤ ሽሮና በርበሬ ማዘጋጀት፤ ማገዶ መከመር።
ሰኔ፦ የቀረውን እህል እንደገና መስፈር። እስከ እሸት የማይደርስ ከሆነ ዋጋው ገና ሳይንር መሸመት ይሻላል።

ርብራቡ፣ ምድጃው፣ ቅርጫቱና ማገዶው የወንዶችና የወጣት ወንዶች ሥራ ይሁኑ። እነዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሸክም ሆነው በእማወራዋ ላይ ከወደቁ ቁጠባ ሳይሆን የጉልበት ብዝበዛ ይሆናሉ።

8. የመወያያ ጥያቄዎችና የተግባር ሥራ

1) ባለፈው ዓመት ቤታችሁ እህል መሸመት የጀመረው በየትኛው ወር ነው? ጥር ላይ ስንት ሸጣችሁ ነበር?
2) በጎተራችሁ ነቀዝ በብዛት የሚያጠቃው የትኛውን እህል ነው?
3) ከጎረቤቶቻችሁ መካከል በክረምት ጓያ ብቻ የሚቀረው ቤት አለ? ምን መደገፍ ትችላላችሁ?

የተግባር ሥራ፦ ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት የቤታችሁን ፍጆታ ስፈሩና በደብተር ጻፉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ስሌቱን ይዛችሁ ኑ። እያንዳንዳችሁ አንድ የገለባ ቅርጫት ሠርታችሁ ለልማት ቡድናችሁ አባላት ምስር አብስላችሁ አሳዩ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛችሁ የጨው ፍተሻውን በጎተራችሁ ተገኝቶ አብሯችሁ ይሠራል።