መውጫሽን ሳታውቂ አትግቢ

ቆይ፣ ሳትልኪው ልየው። «ቅዳሜ ጎታች አውሮፕላን ይኖራል ወይ?» ብቻ ነው የጻፍሽው። የኔ እናት፣ ይሄ አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ እንዳለው እንደ ፍሮንት ሮያል ባለ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ጎታቹን የሚያበርረው ሰው ብዙ ጊዜ የክለብ አባል ነው፤ የእረፍት ቀኑን ለሌላ ሰው በረራ የሚሰጥ። ማወቅ ያለበትን ሁሉ ጻፊለት፦ በየትኛዋ ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) እንደምትነሺ፣ ብቻሽን ነሽ ወይስ ከአስተማሪ ጋር፣ ስንት ሰዓት እንደምትደርሺ፣ የት ድረስ እንዲጎትትሽ እንደምትፈልጊ። ወደ ማሳነተን ተራራ ሸንተረር የምትሄጂ ከሆነ በግልጽ ንገሪው። ሜዳው አናት ላይ 2,000 ጫማ አውጥቶ ከመልቀቅ ጋር አንድ አይደለም፤ መንገዱ ይረዝማል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ከኋላሽ ተራ የያዙትም ይጠብቃሉ። ክፍያው ብዙውን ጊዜ በከፍታ ስለሚታሰብ እሱንም አሁኑኑ ጠይቂ።

ብዙ ነገር ልነግርሽ ነው፤ ሁሉም ግን አንድ ቦታ ይገናኛል። ምንም ነገር ውስጥ ከመግባትሽ በፊት በየት በኩል እንደምትወጪ ወስኚ። ከገመዱም፣ ከሸንተረሩም፣ ከቀኑም ጭምር።

መጀመሪያ ነፋሱን እዪ። የማሳነተን ተራራ ከስትራስበርግ አጠገብ ተነስቶ እስከ ሃሪሰንበርግ አቅራቢያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይዘረጋል። ስለዚህ የሚጠቅምሽ ከሰሜን ምዕራብ መጥቶ ፊት ለፊት የሚመታው ነፋስ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ብርድ ይዞ የመጣ የአየር ለውጥ ካለፈ በኋላ ይነፍሳል። 15 ኖት ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሸንተረሩን በቀጥታ ሲመታ፣ አየሩ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ጣርማ በር ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላት ክንፉን ሳያርገበግብ የሚንሳፈፈው በዚሁ ነው። ነፋሱ ሸንተረሩን ተከትሎ ጎን ለጎን የሚነፍስ ከሆነ ግን የቱንም ያህል ቢበረታ አያነሳሽም።

የተራራውንም ቅርጽ ካርታ ላይ አጥኚ። ሰሜናዊው ክፍል ሁለት ሸንተረር ነው፤ መሐላቸው ፎርት ቫሊ አለ። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ነፋስ ቀድሞ የሚመታው ምዕራባዊውን ነው፤ አንቺም መሆን ያለብሽ እሱ ፊት ላይ ነው። ከጀርባው ያው አየር ቁልቁል ይወርዳል፣ ይናወጣልም። ፍሮንት ሮያል ደግሞ ከተራራው በስተምሥራቅ ስለሆነ ወደ ሜዳው የምትመለሺው በዚያ በሚወርደው አየር ውስጥ አልፈሽ ነው። ስለዚህ ከሸንተረሩ ተነስተሽ ለመመለስ የሚያስፈልግሽን ዝቅተኛ ከፍታ ከአስተማሪሽ ጋር አስልተሽ ወረቀት ላይ ጻፊ። ከፍታ መለኪያው እዚያ ቁጥር ላይ ሲደርስ ትመለሻለሽ፤ «ትንሽ ልቆይ» የለም። ከዚያ በታች ከወረድሽም በምዕራብ በኩል የምታርፊበት እርሻ አስቀድሞ ተመርጦ መያዝ አለበት።

ሜዳው ላይ ስትደርሺ ገመዱን ራስሽ መርምሪው። ከቀለበቱ ጀምረሽ በጣቶችሽ መሐል አሳልፊው። መሬት ላይ ሲጎተት የሚበላው ጫፉ ነው፤ የተፈታ ክር፣ የሳሳ ቦታ፣ ሳይታሰብ የተቋጠረ ቋጠሮ ፈልጊ። አንድ ቋጠሮ የገመዱን ጥንካሬ በግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። የአሜሪካ የበረራ ደንብ የገመዱን ጥንካሬ ለግላይደሯ ከተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት ከ80 በመቶ እንዳያንስ፣ ከ200 በመቶም እንዳይበልጥ ይላል። ኤ.ኤስ.ኬ. 21 የምትባለው ግላይደር ከፍተኛ ክብደቷ 600 ኪሎ ስለሆነ ገመዷ ከ480 እስከ 1,200 ኪሎ የሚችል መሆን አለበት። ከዚያ የጠነከረ ገመድ ከሆነ ቀድሞ የሚበጠስ ማያያዣ ይገባበታል። ከመጠን በላይ ሲወጠር መበጠሱ የሁለታችሁም መዳኛ ነው። ቀጥለሽ ቢጫውን እጀታ ሳቢና መንጠቆው ገመዱን በትክክል መልቀቁን አረጋግጪ። ግላይደሯ ሁለት መንጠቆ ካላት በአውሮፕላን ስትጎተቺ የአፍንጫውን ተጠቀሚ፤ ሆዷ ላይ ያለው መሬት ላይ ሆኖ ገመድ ለሚስበው ዊንች ነው።

ቀበቶሽን፣ የመስታወት ክዳኑን፣ የአየር ፍሬኑን መቆለፍ ተራሽ ሳይደርስ ጨርሺ። ጎታቹ ሞተሩን አስነስቶ ፊትሽ ቆሞ እያለ መፈተሽ ብትጀምሪ መቻኮል ይመጣል፤ ያልተቆለፈ የአየር ፍሬን ይዘው የሚነሱት እንደዚያ ሲቻኮሉ ነው። ሁለቱን ምልክቶችም እንዳታምታቺ፦ ጎታቹ ክንፉን ግራና ቀኝ ካወዛወዘ «አሁኑኑ ልቀቂ» ማለቱ ነው፤ የጭራውን መሪ ብቻ ካወዛወዘ «የአየር ፍሬንሽን እዪ» ማለቱ ነው። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ተረድተው ዝቅ ብለው የለቀቁና የተጎዱ ሰዎች አሉ።

አሁን የምነግርሽን ከሁሉም አጥብቀሽ ያዢ። በገመዱ በዚያኛው ጫፍ ሰው አለ። አንቺ ከእሱ በላይ በፍጥነት ከወጣሽ ገመዱ የአውሮፕላኑን ጭራ ወደ ላይ ይስበዋል፤ አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። ይህ የሚሆነው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ መሬት ቅርብ ከሆነ ደግሞ ለማስተካከል የሚበቃ ከፍታ የለውም። በዚህ ሕይወታቸውን ያጡ ጎታች አብራሪዎች አሉ። ስለዚህ ከተነሳሽ እስክትለቂ ዓይንሽ ከእሱ አይነቀል። ስልክ፣ ካርታ፣ የተፈታ ቀበቶ፣ ሁሉም ይቆያል። ከዓይንሽ ከተሰወረ ወዲያው ልቀቂ፤ ቅጣቱም፣ ክፍያውም፣ ሀፍረቱም ከሰው ሕይወት አይበልጥም። ከመነሳትሽ በፊት ሄደሽ አነጋግሪው፤ የሚስማማሽን ፍጥነት፣ የምትለቂበትን ቦታ፣ ስንት ጊዜ ሸንተረር ላይ እንደበረርሽ ንገሪው።

ገመዱ ቢበጠስስ? መልሱን ጎማው ሳይንቀሳቀስ ጮክ ብለሽ ተናገሪው። ብዙዎች የሚማሩት መለያ 200 ጫማ ነው፤ ከዚያ በታች ከፊትሽ ባለው ቦታ ማረፍ፣ ከዚያ በላይ ወደ ሜዳው ለመዞር ማሰብ። ነፋስ በበረታበት ቀን ግን ዞረሽ የምታርፊው ነፋሱ ከኋላሽ እየገፋሽ ስለሆነ መሬቱ በፍጥነት ይመጣብሻል። ፊት ለፊት ያለው እርሻ የሚሻልበት ጊዜ አለ። ሜዳውን ከመነሳትሽ በፊት በእግርሽ ዞረሽ እዪው።

ሸንተረሩ ዘንድ ስትደርሺ ገመዱ መሄዱን በዓይንሽ ሳታረጋግጪ አትዙሪ፤ ከዚያ አንቺ ወደ ቀኝ፣ ጎታቹ ወደ ግራ። ወደ ተራራው በሰያፍ ቅረቢ፤ አየሩ የማያነሳሽ ከሆነ በትንሽ መታጠፍ ወደ ሸለቆው መውጣት እንድትችዪ። እያንዳንዱ መዞርሽ ከተራራው ወደ ውጭ ይሁን። በስምንት ቁጥር ቅርጽ ተመላለሺ እንጂ ከአናቱ በደንብ ሳትርቂ ክብ አትዙሪ፤ ነፋሱ ወደ ድንጋዩ ይገፋሻል። ፍጥነትሽ ላይ ጨምሪ፣ ነፋሱ በነጠቀሽ ቁጥር የሚተርፍሽ እንዲኖር። ዛፎቹ ከአጠገብሽ ሲሮጡ በጣም የፈጠንሽ ይመስልሻል፤ አፍንጫዋን ቀና ለማድረግ እጅሽ ይጎትትሻል። ያንን ስሜት አትመኚው፤ የፍጥነት መለኪያውንና መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን የሱፍ ክር እመኚ። ክሯ ቀጥ ካላለች በእግርሽ አስተካክዪ።

ሌላ ግላይደር ፊት ለፊት ከመጣብሽ ተራራው በቀኙ ያለው ቅድሚያ አለው፤ መሸሻ የለውምና። ተራራው በግራሽ ከሆነ አንቺ ወደ ቀኝ ትወጪለታለሽ። ከኋላ ሆኖ ስለማለፍ ግን የሜዳውን ደንብ ቀድመሽ ጠይቂ።

አትቻኮዪ ደግሞ። የግላይደር አብራሪው ካርል ስትሪዲክ እ.ኤ.አ. በ1977 ከፔንሲልቬኒያ ተነስቶ የአፓላቺያን ሸንተረሮችን ተከትሎ ሄዶ በዚያው ቀን ሲመለስ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ በርሯል። ነፋሱ ካለ ሸንተረሩ ቀኑን ሙሉ ይሸከምሻል፤ የተሻለ ለማግኘት ብለሽ ዛፍ ላይ ዝቅ የምትዪበት ምክንያት የለም።

ነፋሱ ዓርብ ማታ ከተቀየረ ያኔውኑ ጽፈሽ ሰርዢ፤ ጎታቹ በከንቱ እስከ ሜዳው አይንዳ። ሜዳው ድረስ ሄደሽም ልብሽ ካላረፈ ተራሽን ለሚቀጥለው ስጪና ክንፉን ያዢለት፤ ማንም አይታዘብሽም። የመጀመሪያዎቹን የሸንተረር በረራዎች ደግሞ ያን ተራራ ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር በባለ ሁለት መቀመጫዋ ግላይደር ሂጂ። ብቻዬን ልሂድ የምትዪው፣ ገመዱ ቢበጠስ፣ ጎታቹ ቢሰወርብሽ፣ አየሩ ማንሳቱን ቢያቆም ምን እንደምታደርጊ ሲጠይቅሽ ለሦስቱም ሳታመነቺ መመለስ ስትችዪ ይሁን።