መቅኔ ውስጥ የሚያደባው ጠላት

ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለው የውይይት ቡድናችን «የደም ካንሰር ታማሚ ከተሻለው በኋላ ለምን ኪኒን ይውጣል?» የሚል ጥያቄ ተነስቶ መልሱን እንዳቀርብ ተመደብኩ።

ደም የሚመረተው አጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያ ያሉ ደጋፊ ሴሎች ደም አምራቾቹን ይንከባከባሉ። የካንሰሩ ሴሎች ታዲያ ዝም ብለው አይራቡም፤ ኬሚካላዊ መልእክት እየላኩ ደጋፊዎቹን ወደ ራሳቸው ያዞራሉ። ጤነኞቹ ቦታና እንክብካቤ ሲያጡ ደም ማነስ፣ መድማትና ኢንፌክሽን ይከተላል። እኔን የገረመኝ ግን መደበቃቸው ነው! በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሲሰጥ የቆየው ኢማቲኒብ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለውን ዓይነት ከደም ውስጥ ቢያጠራም፣ መቅኔ ውስጥ የተጠለሉት ጥቂቶች ሊተርፉ ይችላሉ። ያለ ሐኪም ምክር ኪኒኑን ያቆመ ሰው በሽታው ሊያገረሽበት የሚችለው ለዚህ ነው።

ኤች አይ ቪም እንዲሁ ነው። በምርመራ ባይታይም በአንዳንድ ሲዲ ፎር ሴሎች ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል።