ምክንያትና ውጤትን የሚያስረዳ ድርሰት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፣
1. በጊዜ የሚከታተሉ ድርጊቶችንና በምክንያት የሚያያዙ ድርጊቶችን ለይታችሁ ታውቃላችሁ፤
2. ለእያንዳንዳቸው ተገቢውን አያያዥ ትመርጣላችሁ፤
3. አንድን ችግር ከነምክንያቱና ከነመፍትሔው የሚያስረዳ ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. መግቢያ

ተራኪ ድርሰት «ከዚያስ ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። አስረጂ ድርሰት ግን «ለምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች ተቀራራቢ ይምሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። «ዶሮ ከጮኸ በኋላ ነጋ» ብንል እውነት ነው፤ «ዶሮ ስለጮኸ ነጋ» ብንል ግን ሰሚው ይስቅብናል። በዶሮውና በንጋቱ ረገድ ስሕተቱ ወዲያው ይታያል። ነገሩ ረቀቅ ያለ እንደሆነ ግን «በኋላ» እና «ስለ» በቀላሉ ይምታታሉ። ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ይህን ያሳያችኋልና በጥሞና አንብቡት።

ለ. ምንባብ፦ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ለምን ዝም አለ?

ወሎ የዜማ አገር ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ባቲና አምባሰል ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ቦታዎች ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረና፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ፣ ማሲንቆ መቺው፣ ዋሽንት ነፊው እረኛና መንዙማ አውጪው ሼህ ዜማቸውን የያዙት በጽሑፍ ሳይሆን በቃል ነው። በቃል የተያዘ ዜማ ደግሞ ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ድምፅን የሚቀዳ ሰው ትልቅ አደራ አለበት።

ለምሳሌ በመካነ ሰላም ከተማ በቤቱ አንዲት ክፍል ለይቶ ድምፅ የሚቀዳ አንድ ወጣት እናስብ። ግድግዳውን በፍራሽና በብርድ ልብስ ሸፍኗል፤ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክራፎን፣ ድምፁን ወደ ኮምፒዩተሩ የሚያስገባ አንድ ሳውንድ ካርድና አንድ ኪቦርድ አለው። አንድ አዛውንት የማሲንቆ ተጫዋች ከገጠር መጥተው አሥር ዜማ ተቀዱለት። ወጣቱም በዜማዎቹ ሥር የኪቦርድ አጃቢ ጨመረባቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ አዛውንቱ ዐረፉ።

ወጣቱ ሥራውን ሳይጨርስ ላፕቶፑ አዲስ ሥርዓተ ክወና እንዲጫንበት ጠየቀው፤ እሱም ፈቀደ። የመቅጃ ፕሮግራሙንም በዚያው ቀን በአዲስ ተካው። በማግስቱ ሥራውን ሲከፍት አራት ጥፋት አገኘ። አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ ሳውንድ ካርዱን አላውቀውም አለ። ሁለተኛ፣ የአዛውንቱ ማሲንቆ ቢሰማም የኪቦርዱ አጃቢ ፈጽሞ ጠፋ። ሦስተኛ፣ በቀድሞ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የጻፋቸው የዜማ ግጥሞች ትርጉም ወደሌለው ምልክት ተለወጡ። አራተኛ፣ በማይክራፎኑ በኩል የንብ ዓይነት ጉምጉምታ ይሰማ ጀመር።

እናት «መብራቱ ሲጠፋና ሲመጣ ተቃጥሎ ይሆናል» አሉ። ጓደኛው «ቫይረስ ገብቶበት ነው» አለ። ወጣቱ ራሱ «አራቱም የደረሱት ሥርዓተ ክወናውን ስለለወጥሁ ነው» ብሎ ደመደመ። ሁሉም ፈርደዋል፤ የመረመረ ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ወጣቱ አንድ ዘዴ ያዘ፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ውጤቱን መመዝገብ ነው። ለአዲሱ ሥርዓተ ክወና የተዘጋጀውን የሳውንድ ካርድ ድራይቨር ጫነ፤ ሳውንድ ካርዱ ታወቀ፤ ጉምጉምታው ግን አልተወም። የማይክራፎኑን ገመድ በሌላ ገመድ ተካ፤ ጉምጉምታው ጠፋ። አሮጌውን የመቅጃ ፕሮግራም ከአዲሱ ጎን መልሶ ጫነ፤ አጃቢው ተሰማ። የቀድሞውን የፊደል ፕሮግራም መልሶ ሲያስገባም ግጥሞቹ ተነበቡ። እንግዲህ ከአራቱ ጥፋቶች አንዱ፣ ጉምጉምታው፣ ከለውጡ በኋላ የመጣ እንጂ በለውጡ ምክንያት የመጣ አልነበረም። የተቀሩት ሦስቱም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው።

ሐ. የምንባቡ ማብራሪያ

በኮምፒዩተር የሚሠራ ስቱዲዮ እንደ ተደራረበ ካብ ነው። ከሥር ዕቃው፣ ከላዩ ሥርዓተ ክወናው፣ ከዚያ በላይ የመቅጃው ፕሮግራም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፕለጊን የሚባሉት ተቀጽላ ፕሮግራሞች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱን ድርብ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ሌላ ድርጅት ነው፤ የሚያድስበትም ጊዜ ይለያያል። በዚህ የተነሣ አንዱ ድርብ ሲለወጥ ሌላው ሳይዘጋጅ ሊቀር ይችላል።

ሳውንድ ካርዱ ያልታወቀው ስለተበላሸ አይደለም። ድራይቨር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም በዕቃውና በሥርዓተ ክወናው መካከል እንደ አስተርጓሚ ያገለግላል። ሥርዓተ ክወናው ንግግሩን ሲለውጥ የቀድሞው አስተርጓሚ አልገባውም፤ ስለዚህ ሁለቱ መግባባት አቃታቸው።

የኪቦርዱ አጃቢ የጠፋበት ምክንያት ሌላ ነው። አጃቢውን የፈጠረው ፕለጊን ባለ 32 ቢት ነበር። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ሊቆጥር የሚችለው የማስታወሻ አድራሻ 4,294,967,296፣ ማለትም 4 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነው። ሙዚቃ ሰፊ ማስታወሻ ስለሚፈልግ ሠሪዎች ወደ 64 ቢት ተሻገሩ፤ ብዙዎቹም አሮጌውን መቀበል አቆሙ። አፕል በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው የማክ ሥርዓተ ክወና ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞችን ፈጽሞ አስቀርቷል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የማሲንቆው ድምፅ ሲተርፍ አጃቢው ለምን ጠፋ? ማሲንቆው በራሱ ፋይል የተቀዳ ድምፅ ነው። አጃቢው ግን ድምፅ ሳይሆን «ይህን ቁልፍ በዚህ ሰዓት ምታ» የሚል ትእዛዝ ነበር። ትእዛዙን የሚፈጽመው ፕለጊን ሲጠፋ ድምፁም አብሮ ይጠፋል።

የግጥሞቹ መበላሸት ደግሞ የራሳችን ፊደል ታሪክ ነው። ቀደም ሲል የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የሚሠሩ ባለሙያዎች ለፊደሎቹ በየፊናቸው ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው የማይነበበው በዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ግን ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ዓለም አቀፍ ቁጥር ተመደበለት፤ ለምሳሌ «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ቁጥር ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ጽሑፍ ከኮምፒዩተር ወደ ስልክ ቢሻገር ፊደሉን አይስትም። በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች የተጻፈው ግን ካልተለወጠ በስተቀር ያንኑ የቀድሞ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ስምምነት በሙዚቃ ዕቃዎችም ዘንድ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ሁለት ምሳሌ እንመልከት። በ1955 ዓ.ም. ለሕዝብ የቀረበው የቴፕ ካሴት የክሩ ስፋትና ፍጥነቱ አንድ ዓይነት በመሆኑ አዲስ አበባ የተቀዳው ካሴት ደሴም፣ መካነ ሰላምም በማንኛውም ቴፕ ይሰማ ነበር። በ1975 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሚዲ የተባለው ስምምነት ደግሞ የተለያዩ ድርጅቶች የሠሯቸው ኪቦርዶች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ አድርጓል፤ ዛሬም ይሠራል። ዕድሜ የሚሰጠው አዲስነት ሳይሆን ስምምነት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንደሚባለው ማደስን ፈጽሞ መተው ይሻላልን? እንዲህ ማለትም አይገባም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ጥበቃ የሌለው ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ላይ ቢውል ለጥቃት ይጋለጣል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዳንድ ፕሮግራሞች ፈቃዳቸውን በየጊዜው በኢንተርኔት የሚያረጋግጡ ናቸው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ ስናስታውስ፣ በገንዘብ የተገዛ ፕሮግራም እንኳ በመስመር መጥፋት ምክንያት ሊዘጋ እንደሚችል እንረዳለን። ስለዚህ ጥያቄው «ላድስ ወይስ አላድስ?» ሳይሆን «መቼና እንዴት ላድስ?» የሚለው ነው።

መልሱም ይህ ነው። ሥራ ተጀምሮ ሳያልቅ ማደስ አይገባም። ከማደስ በፊት የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ፣ አጃቢውም ሳይቀር፣ ከመነሻው ጀምሮ ለየብቻው ወደ ተራ የድምፅ ፋይል ይለወጥ። በሲዲ ጥራት የተቀዳ ድምፅ በሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ 2 ባይት፣ ግራና ቀኙ 2 መስመር ነውና በሴኮንድ 176,400 ባይት ይሆናል። አንድ ሰዓት ማለት 635 ሚሊዮን ባይት ያህል ነው። በመሆኑም 32 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ፍላሽ 50 ሰዓት ያህል ሊይዝ ይችላል። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ የፕሮግራሞቹ ስምና የእትም ቁጥራቸው በደብተር ይጻፍ። የዐረፉትን አዛውንት ድምፅ ሁለተኛ መቅዳት አይቻልምና ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አይበዛባቸውም።

መ. ሰዋስው፦ የጊዜና የምክንያት አያያዦች

1. ጊዜን ብቻ የሚያመለክቱ፦ «ከ… በኋላ»፣ «ከ… በፊት»፣ «ከዚያ»፣ «በማግስቱ»። ምሳሌ፦ ሥርዓተ ክወናው ከተለወጠ በኋላ ጉምጉምታ ተሰማ።

2. ምክንያትን የሚያመለክቱ፦
ሀ) «ስለ» ከግሥ ጋር፦ ገመዱ ስለላላ ጉምጉምታ ተሰማ። ድርጊቱ የተለመደ ሲሆን «ስለሚ» እንላለን፦ ሙዚቃ ሰፊ ማስታወሻ ስለሚፈልግ…
ለ) «በመ…» ከባለቤት አመልካች ጋር፦ ድራይቨሩ በማርጀቱ ሳውንድ ካርዱ አልታወቀም።
ሐ) «ና» በማሰሪያ አንቀጽ መጨረሻ፦ ቅጂውን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፍላሽ ይጠፋልና።
መ) «ከ… የተነሣ»፣ «በ… ምክንያት»፦ ከመስመር መጥፋት የተነሣ ፈቃዱ አልተረጋገጠም።

3. ውጤትን የሚያስከትሉ፦ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «በዚህ የተነሣ»። እነዚህ ምክንያቱ በፊተኛው ዐረፍተ ነገር ከተነገረ በኋላ ይገባሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ስለ» የጻፋችሁበትን ቦታ ሁሉ «በምን አወቅሁ?» ብላችሁ ፈትኑት። ማስረጃ ከሌላችሁ «በኋላ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወይም «ሳይሆን አይቀርም» የሚለውን ጨምሩበት። «ሲ…» የሚለው አያያዥ ደግሞ አሻሚ ነው፤ «መብራት ሲጠፋ ሥራው ጠፋ» ያለ ሰው ጊዜውን ይናገር ወይም ምክንያቱን ይናገር አይለይም። በአስረጂ ድርሰት እንዲህ ያለው አሻሚነት አንባቢን ያሳስታል፤ በሥራም ላይ ያልተበላሸውን ዕቃ ያስጥላል።

ሠ. የድርሰቱ አሠራር

አስረጂ ድርሰት ከመጻፋችሁ በፊት በአራት ዓምድ የተከፈለ ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ በመጀመሪያው የታየውን ችግር፣ በሁለተኛው የተገመተውን ምክንያት፣ በሦስተኛው ማስረጃውን፣ በአራተኛው መፍትሔውን ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት ምክንያት በድርሰቱ ውስጥ እንደ እውነት እንዳይገባ ተጠንቀቁ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ችግር አንድ አንቀጽ መድቡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ረቂቁን ሳያነቡ ወደ ንጹሕ መገልበጥ መልሶ መጻፍን ያስከትላል።

ረ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ እናት፣ ጓደኛና ወጣቱ የሰጧቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ። እያንዳንዱ ምን ማስረጃ ይጎድለው ነበር?

2. ወጣቱ ድራይቨሩንና ገመዱን በአንድ ጊዜ ቢለውጥ ኖሮ ምን ሳያውቅ ይቀር ነበር? በሦስት ዐረፍተ ነገር አስረዱ።

3. በሚከተሉት ባዶ ቦታዎች ተገቢውን አያያዥ አስገቡ፤ የመረጣችሁበትንም ምክንያት ተናገሩ።
ሀ) ፕለጊኑ ባለ 32 ቢት ነበር፤ ______ አዲሱ ፕሮግራም አልተቀበለውም።
ለ) ወጣቱ ፍራሹን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ______ ዝናብ ዘነበ።
ሐ) ግጥሙን በዩኒኮድ ጻፉት፤ በሌላ ኮምፒዩተርም ይነበባል______።

4. «አዛውንቱ ከዐረፉ በኋላ ቅጂው ዋጋው ጨመረ» እና «አዛውንቱ ስላረፉ ቅጂው ዋጋው ጨመረ» በሚሉት መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት አስረዱ። በዚህ ቦታ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉን?

5. በአካባቢያችሁ አሮጌው ከአዲሱ ጋር አልስማማ ያለበትን አንድ ነገር ምረጡ፤ የወፍጮ ሞተር መለዋወጫ፣ የስልክ ቻርጀር ወይም የውሃ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ከላይ በተሰጠው ሠንጠረዥ መሠረት ከ200 ያላነሱ ቃላት ያሉት አስረጂ ድርሰት ጻፉ።

6. በሠፈራችሁ ዜማ፣ ቀረርቶ ወይም መንዙማ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ፈልጉ። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ በስልክ ቅዱ። ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ቀኑን፣ ቦታውንና የቀዳችሁበትን ስልክ ዓይነት በደብተር ጻፉና ለክፍላችሁ አቅርቡ።