ከ55 እስከ 60፦ የጡረታ መሰናዶ ለወልዲያ፣ ለመርሳና ለሀብሩ ሰው

ስለ ጡረታ ማሰብ የሚጀመረው አብዛኛውን ጊዜ የስንብት ደብዳቤው እጅ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ የሚስተካከል ነገር ጥቂት ነው። ሥራው ያለው ከ55 እስከ 60 ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች ለመምህሩ፣ ለነርሷና ለቢሮ ሠራተኛው ናቸው። ጡረታ የማይቆረጥለት የሀብሩ ገበሬና የመርሳ ነጋዴ ከሦስተኛው ይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ፋይልዎን አስወጥተው ያንብቡ

የሰው ሀብት ክፍል ሄደው የመጀመሪያ የቅጥር ደብዳቤዎን፣ ሲቀጠሩ የሞሉትን የሕይወት ታሪክ ቅጽ፣ የዝውውርና የእድገት ደብዳቤዎችዎን አንድ በአንድ ይዩ። ከሁሉ በፊት የልደት ቀኑን ይመልከቱ። ሕጉ የሚያውቀው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡትን ዕድሜ ነው፤ ኋላ ላይ የክርስትና ወረቀት ይዞ መከራከር ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ስምዎን። ቅጥር ደብዳቤው ላይ «ሰይድ ሙሐመድ»፣ ባንክ ደብተሩ ላይ «ሠይድ መሐመድ»፣ ፋይዳው ላይ ደግሞ ሌላ ከሆነ፣ በስድሳ ዓመት ዕድሜ ከቢሮ ቢሮ መመላለስን ያመጣል። አሁን ጉልበት እያለ አንድ ያድርጉት።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በነበረው ጦርነት በወልዲያና በዙሪያዋ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዘርፏል፤ ሰነድም ጠፍቷል። የርስዎም ፋይል ከጎደለ፣ አብረው የሠሩ ሰዎችና የድሮ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሮች ሳይጠፉ ማስተካከል ይሻላል። ከዚያ ሁሉንም ኮፒ ያድርጉ፤ አንዱን ቤት፣ አንዱን ሌላ ከተማ ያለ ልጅ ወይም እህት ዘንድ ያስቀምጡ። በስልክ ፎቶ ማንሳትም አይርሱ።

የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነገር በእኛ አገር ይዘነጋል። በኒካህ ወይም በሽማግሌ ተጋብቶ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ወረቀት ምን ያደርግልኛል ይላል። ባለጡረታው ሲሞት ግን የትዳር ጓደኛው የጡረታውን 50 በመቶ የሚያገኘው ጋብቻው ሲረጋገጥ ነው። ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው፤ ከሞት በኋላ ግን የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሆናል።

በግል ድርጅት የሚሠሩ ከሆነ የሚጣራ ሌላ ነገር አለ፦ ከርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በትክክል ገቢ እየሆነ ነው ወይ? ደመወዝ ላይ ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ ገንዘብ አያስቆጥርም፤ ማስረጃውን ይጠይቁ።

ደረጃ 2፦ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩት

ቀመሩ አያስቸግርም። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሚደርስበት ጥቂት ሰው ነው። 30 ዓመት ያገለገለች መምህርት 55 በመቶ ታገኛለች።

ግን 55 በመቶው የምን? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመጨረሻው ደመወዝ ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ነው፤ አበልና ትርፍ ሰዓት አይገቡም። በመስከረም 2018 የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከፍ ብሏል። እንበልና ሁለት ዓመት 8,000፣ የመጨረሻውን ዓመት 13,000 ብር ያገኘች መምህርት ጡረታ ወጣች። አማካዩ 9,667 ብር ገደማ ነው፤ 55 በመቶው 5,317 ብር። 13,000 ሲገባበት የነበረ ቤት በቀጣዩ ወር 5,300 ይገባበታል። ጭማሪው በሦስቱም ዓመታት ውስጥ እንዲቆጠርላት ከፈለገች፣ አገልግሎቷ 25 ዓመት ሞልቷል ብላ በ55 ዓመቷ በፈቃድ ለመውጣት ባትቸኩል ይሻላታል። በእኔ እምነት ቀድሞ መውጣት የሚያዋጣው ሌላ ገቢ አስቀድሞ ለተከለ ሰው ብቻ ነው።

ደረጃ 3፦ ከገበያው ጋር አብሮ የሚጨምር ነገር ይትከሉ

የጡረታ ብር ከገበያው ጋር እኩል አይጨምርም፤ የጤፍ ዋጋ ግን አይቆምም። ባንክ ማስቀመጥም ብቻውን አያድንም፦ የቁጠባ ወለድ መነሻው 7 በመቶ ነው፤ የዋጋ ንረቱ ግን ከ30 በመቶ ያለፈበት ዓመት ነበር። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 በላይ ሆነ።

በአካባቢያችን መልሱ ቅርብ ነው። መርሳና ግራና ላይ መስኖ የሚደርሰው መሬት ያለው ሰው፣ 55 ዓመት ሲሞላው የተዳቀለ የማንጎ ችግኝ ቢተክል ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ፍሬ ማየት ይጀምራል፤ ጡረታውና ምርቱ ይገጣጠማሉ። ስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ስላለ የትኛው ዝርያ ለየትኛው አፈር እንደሚሆን ሳይጠይቁ አይትከሉ። መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠትም ይቻላል፤ ውሉ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ የይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ባልና ሚስት ስም መኖሩን ያረጋግጡ። ወልዲያ ላይ ግቢ ያለው ሰው ለዩኒቨርሲቲው ተማሪና መምህር የሚያከራየው ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቢሠራ፣ ኪራዩ ከዋጋው ጋር ይጨምራል። ቤቱን ግን ደመወዝ እያለ ይጨርሱት። በጡረታ ብር የተጀመረ ግንብ ሲያልቅ አላየሁም።

ዕቁብ መግባት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብር ሲረክስ ዕጣ ቀድሞ የወጣለት ይጠቀማል፣ መጨረሻ የደረሰው ይጎዳል። ከጡረታ ቀንዎ የሚያልፍ ዕቁብ አይጀምሩ። ወለድ የማይፈልግ ሰው ከወለድ ነፃ ሒሳብ መክፈት ይችላል።

ከጂዳና ከሪያድ የሚላከው ብር ግን የርስዎ ጡረታ አይደለም። ለሥራ የሄደችው የልጅዎ ነው። በ2006 ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ፣ ቤተሰብ ገንዘቧን ጨርሶ የጠበቃት ስንቷ ነበረች! በስሟ ሒሳብ ይክፈቱላት፤ ለወር ወጪ የምትልከውንና የምታጠራቅመውን ይለዩ።

ደረጃ 4፦ ቅሬና ጤና

ቅሬ ለቀብር ብቻ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ክርስቲያንና ሙስሊም አብሮ የሚቀመጥበት፣ ሰው በስም የሚፈለግበት ቦታ ነው። ከመሥሪያ ቤት ሲወጡ የሚጎድለው ከደመወዙ እኩል ይኸው መፈለግ ነው። መዝገብ መያዝ የሚችል መምህር ወይም ሒሳብ ሠራተኛ ቅሬው ጸሐፊ ሲፈልግ እንቢ አይበል። ደም ግፊትና ስኳር ደግሞ በየጊዜው ይለኩ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መግባት ይችሉ እንደሆነ የምዝገባ ወቅቱ ሳያልፍ ቀበሌ ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት

በዚህ ጊዜ የሚቀረው ጥቂት ነው፦ ብድር መዝጋት፣ በእጅዎ ያለ የመንግሥት ንብረት አስረክቦ ክሊራንስ መያዝ፣ የባንክ ሒሳቡ ስም ከጡረታ ሰነዱ ጋር አንድ መሆኑን ማየት። የመጀመሪያው ክፍያ ሊዘገይ ስለሚችል የሦስት ወር ወጪ ለብቻ ያስቀምጡ፤ እህሉን ደግሞ በምርት ወቅት፣ ዋጋው ሳይወጣ ይግዙ።