ዳትሰን 240 ዚ ለገዛው የወንድሜ ልጅ

ልጄ፣ እሁድ ዕለት ሰዘርን ሃይላንድስ ቤቴ ደጃፍ ያቆምካትን የ1972 ዳትሰን 240 ዚ ዞሬ ዞሬ አየኋት። ቆንጆ ናት። «መሬት ድረስ ዝቅ አድርጌ፣ ሞላዋን አጠንክሬ የውድድር መኪና ላደርጋት ነው» ስትለኝ ግን ልቤ አላረፈም። በልጅነቴ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ክሪክ ሳቀብል አድጌ፣ እዚህ ቬጋስ ደግሞ ዕድሜዬን ታክሲ ስነዳ አሳልፌአለሁና የማውቀውን ልንገርህ።

1. ከሁሉ በፊት ጎማውን እይ። መኪናዋ መንገዱን የምትነካው መዳፍ በሚያህሉ አራት ቦታዎች ብቻ ነው፤ ሞላ፣ አሞርዛቶር፣ ስታቢላይዘር የሚባለው ሁሉ የተሠራው እነዚያ መዳፎች አስፋልቱን እንዳይለቁ ነው። የአንተ ጎማ ጥርሱ አላለቀም። ነገር ግን ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አነበብኳቸው፦ 1411። በ2011 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ቢኖርም አርጅቷልና አዲስ ጎማ ሳታስገባ ሌላ ዕቃ አትግዛ።

2. ኔቫዳ ብረት ታኖራለች፣ ላስቲክ ትገድላለች። መኪናህ እርጥበት በሌለበት አገር ስለኖረች ሻንሲዋ አልዛገም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ቡሾቿ ግን በጥፍሬ ስነካቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈሩ። በሐምሌ 2024 ሙቀቱ 120 ፋራናይት በደረሰበት ከተማ ምን ላስቲክ ይተርፋል? «መሪዋ ይዋልላል፣ በፍሬን ጊዜ ወደ ግራ ትስባለች» ያልከኝን ችግር በሞላው ላይ አታላክክ። ቡሾቹን፣ የታይሮዱን ጫፎችና ቦል ጆይንቶቹን ቀይር። አሞርዛቶሮቹንም አዲስ አድርግ። ከፋብሪካ እንደወጣች አድርገህ አንድ ወር ሙሉ ንዳት። ከዚያ በኋላ ምን እንደጎደላት እሷው ትነግርሃለች።

3. ፖሊዩሬታን የሚባለው ጠንካራ ቡሽ ጥሩ ነው፣ ግን ለሁሉም ቦታ አይሆንም። ከፊት በኩል የታችኛውን ክንድ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ረጅም ዘንግ አለ። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ባለ ቁጥር ያ ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ መወዛወዝ አለበት። በሁለቱም ወገን ፖሊዩሬታን ካሰርክበት መወዛወዣ ያጣና ብረቱ ራሱ ይታጠፋል፤ ውሎ አድሮ ይሰበራል። ከኋላው ወገን የላስቲኩን ተው።

4. ዝቅ ማድረጉን በተመለከተ እለምንሃለሁ፣ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ከወረደች ይበቃታል። ዚ በአራቱም ጎማዎቿ ላይ ያላት ስትራት ነው። በጣም ስታወርዳት የታችኛው ክንድ ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል፤ በኩርባ ላይ የምትዘምበት ማዕከል ከክብደቷ ማዕከል ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ ዝቅ ብላም የበለጠ ትዘማለች። መሪውን ሳትነካው ጉድጓድ ሲያገኛት ብቻዋን ትዞራለች፤ ሞላውም የሚታጠፍበት ቦታ ያጣል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እኔም ወጣት ሳለሁ መኪናዬን አንድ ጋራዥ ወስጄ አስወርጄ ነበር። በብሉ ዳይመንድ በኩል ወደ ፓረምፕ ስንሄድ፣ ማውንቴን ስፕሪንግስ ከመድረሳችን በፊት ባለ ኩርባ ላይ አስፋልቱ ትንሽ ጎድጎድ ይላል። ሞላው ከጫፍ ደርሶ ብረት ከብረት ሲጋጭ ኋላዋ ከመንገዱ ሸሸ። አባትህ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። እስከ ፓረምፕ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ደግሞም ይህችው ዳትሰን 240 ዚ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ሁለት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1971 ኤድጋር ኸርማን፣ በ1973 ሼካር ሜህታ ነድተዋት። ያ ጭቃና ድንጋይ መሬት ላይ በተለጠፈ መኪና የሚታለፍ አልነበረም። ጎማው መሬቱን እየተከተለ እንዲወርድና እንዲወጣ ቦታ ስለነበረው ነው ያለፈችው።

5. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ሞላ፣ አሞርዛቶርና ስታቢላይዘር ባንድ ቅዳሜ ከቀየርክ የትኛው እንዳሻሻላት፣ የትኛው እንዳበላሻት በምን ታውቃለህ? ደብተር ያዝ፤ ሁልጊዜ በዚያው መንገድ፣ በዚያው የጎማ ንፋስ ሞክራት። ስታቢላይዘር ስትገዛ ከፊት ጀምር፤ ኋላውን ብቻ ብታጠነክር በኩርባ ላይ ጅራቷ ይቀድምሃል። አላይመንት የሚሠራልህ ባለሙያ የፊት ጎማዎቹን ጋደል ማለት አስተካክላለሁ ቢልህ በምን እንደሚያስተካክል ጠይቀው፤ ከፋብሪካ ስትወጣ የሚስተካከለው የጎማዎቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማየት ብቻ ነው።

6. ስትራቱን ብቻህን አትፍታ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ፊት ይሰብራል፤ የላይኛውን ዳዶ ከመንካትህ በፊት ሞላው በመጨመቂያ በሁለት ወገን መያዙን እኔ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ቅዳሜ ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ና። ክሪኩንና ማቆሚያዎቹን አዘጋጃለሁ፤ አንተ ቡሾቹን ብቻ ይዘህ ና።