ተደራጊና ተደራራጊ ግሥ

ቀጥሎ ያለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

እሑድ ረፋድ ላይ ስምንት የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኞች ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ተሰበሰቡ። ብርዱ ገና አልለቀቀም ነበር። ጥብሱ እየጤሰ ሲቀርብ ተጎራረሱ፤ የድሮውን እያነሡ ተጨዋወቱ፤ ተሳሳቁም። ሒሳብ ሲመጣ ግን «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» እያሉ ተገባበዙ።

ተደራራጊ ግሥ በአብዛኛው ከመጨረሻው ፊደል በፊት ያለውን ፊደል በመድገም ይመሠረታል፤ ከተደገሙት ፊተኛው ራብዕ ይሆናል። «ነገረ» ተነጋገረ፣ «ጎረሰ» ተጎራረሰ፣ «ጋበዘ» ተገባበዘ ይላል። «ሳቀ» ግን ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ «ሳ»ን ደግሞ «ተሳሳቀ» ይሆናል።

በአንቀጹ መጨረሻ «ተጋበዙ» ብንል ሐሳቡ ይፈርሳል፤ ከእነርሱ ሌላ ከፋይ አለ ማለት ይሆናልና። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ.ም.) አንኮበር ቤተ መንግሥት ግብር የታደሙ ሰዎች «ተጋበዙ» እንጂ «ተገባበዙ» አይባሉም፤ ጋባዡ ንጉሡ ነበሩ። ጀማሪ ጸሐፊዎች እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ ብዙ ጊዜ ይታያል።

መልመጃ፦ «ጠየቀ»፣ «ቀለደ» እና «መረቀ» የሚሉትን ግሦች ወደ ተደራራጊ ለውጣችሁ፣ በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ ስላያችሁት አንድ የጋራ ማዕድ አጭር አንቀጽ ጻፉ።